ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች ያለው ክፍተት

በየጠዋቱ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት የትናንት ውሎዬን በደብተር እጽፋለሁ። ደብዳቤ ስጽፍ ግልባጩን እዚያው እለጥፋለሁ፤ መልሱም ሲመጣ ከጎኑ ይለጠፋል። ሥራዬ ሚዛን መሸጥና መጠገን ነው። ከታች ያሉት ከአጎቴ የልጅ ልጅ ጋር የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች ናቸው። እሷ ባሕር ማዶ በአንድ ቤተ ሙከራ ተመራማሪ ናት። ልጅ ሳለች “ለምን?” ሳትል ጫማዋን እንኳ ስለማታስር ቤተሰቡ “ጥያቄ” ብሏት በዚያው ቀርቷል። በመካከላችን ያሉት ሰው በከተማችን ጤና ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሉ አዋላጅ ናቸው፤ ሁላችንም ሲስተር እንላቸዋለን። ጉዳዩ የእሳቸው ስም ነበር። ሁለታችንም ይህን በግልጽ እስክንነጋገር ጊዜ ወሰደብን።

*

ጥቅምት 9

ለተከበርከው ጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ አንተን ከነቀልድህ፣ እትዬን ከነቁጣዋ፣ ልጆቹን ከነጫጫታቸው በደህና ያግኛችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ሳይገባ ጉንፋኑ ቀድሞ ገባ እንጂ ሌላ ክፉ የለም። ስልክ ስደውልልህ “ቁም ነገር ከሆነ ጻፊው” ብለህ ስለዘጋህብኝ ይኸው ጻፍኩ።

ምን እንደምሠራ ደጋግመህ ጠይቀኸኝ በደንብ ሳልነግርህ ቀርቻለሁ። በሰውነታችን ውስጥ በሽታ የሚከላከሉ ሕዋሳት አሉ። ዓይን የላቸውም፣ ጆሮም የላቸውም፤ የሚግባቡት ጥቃቅን ፕሮቲኖችን እየለቀቁ ነው። ሳይቶካይን ይባላሉ። አንዱ “ጠላት ገብቷል፣ ተነሡ” ይላል፤ ሌላው “በቃ፣ ተረጋጉ” ይላል። እኔ የምለካው፣ ሕፃኑ እንደተወለደ ከእትብቱ በሚወሰድ ደም ውስጥ የትኛው መልእክት ምን ያህል እንዳለ ነው። ያንን ከሕፃኑ የልደት ክብደት ጋር አስተያየዋለሁ። የማንቂያው መልእክት የበዛባቸው ሕፃናት ቀለል ብለው ይወለዳሉ ብለን እንጠረጥራለን።

ደሙ የሚመጣልን ከአምስት ጤና ጣቢያዎች ነው። አንዱ የእናንተ ከተማ ነው። የማስቸግርህም ለትንሽ ነገር ነው፤ እግረ መንገድህን ጎራ ብለህ የሕፃናቱን ሚዛን ብታይልኝ። የተለመደ ቁጥጥር ነው። ሲስተርንም ምንም እንዳይመስላቸው፤ የተለመደ ቁጥጥር ብቻ ነው።

እትዬ የጠየቀችኝን የመነጽር ማሰሪያ ልኬያለሁ። ደርሷት እንደሆነ ጻፍልኝ። የአያቴም ጉልበት እንዴት እንደሆነ ንገረኝ፤ እሷን ብጠይቅ “እሮጣለሁ” ነው የምትለኝ።

አክባሪህ ጥያቄ

*

ጥቅምት 27

ለልጄ ለጥያቄ፤

ሰላምታዬ ከቤትሽ ደጃፍ እስከ ቤተ ሙከራሽ ይድረስሽ። ፈጣሪ እጅሽን ከስህተት፣ ደረትሽን ከብርድ ይጠብቅልሽ። አያትሽ አትሮጥም፤ ግን ወንበር ላይ ተቀምጣ የሚሮጡትን ሁሉ ታዛለች። ማሰሪያው ደርሷል። እትዬሽ አሁን መነጽሯን አትጥልም፤ ስለዚህ የሚጠፋውን ሁሉ በእኔ ላይ ታሳብባለች።

ሚዛኑን አይቻለሁ። የቀድሞ ዓይነት ነው፤ ባትሪ የለው፣ መብራት የለው። ሁለት ዘንግ፣ በላያቸው የሚንሸራተት ክብደት፣ ከላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ጎድጓዳ ሳህን አለው። የሚዛን ድንጋዮቼን ይዤ ሄጄ ከግማሽ ኪሎ እስከ አራት ኪሎ ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩት። የከፋው ስህተት አምስት ግራም ነው። እኔ ሱቅ ካሉት አዲሶች ይሻላል፤ ይህን ለደንበኞቼ እንዳትነግሪ።

ሲስተር በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ።

“ማን ላከህ?” አሉኝ።

“ሚዛን ማየት ሥራዬ አይደል?”

“ሃያ ስድስት ዓመት አንድም ሰው አላየውም። ዛሬ በሕልምህ መጣብህ?”

ድንጋዮቼን ወደ ከረጢታቸው መለስኩ። እሳቸውም አልገፉበትም፤ ወደ ሥራቸው ሄዱ። እኔ ግን ወዲያው አልወጣሁም። ክፍሉን ልንገርሽ፤ ደሙን ስታዪ ከየት እንደመጣ ይታወቅሽ። ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ ነጭ ሸክላ ነው። ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ በላዩ ደሙን የሚያሽከረክረው ማሽን፣ ጥጉ ላይ ማቀዝቀዣው አለ። በማቀዝቀዣው በር ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ “ያለ ሥራ የከፈተኝ ከሲስተር ጋር ይተያያል።” ሲስተር ከማዋለጃው ክፍል የእትብት ደም ያለባትን ቱቦ በመዳፋቸው አቅፈው ይዘው መጡ። ደሙን አሽከረከሩት፤ ከላይ የቀረውን የገለባ ቀለም ያለው ፈሳሽ በቀጭን መምጠጫ ቀዱት፤ ቁጥር ለጠፉበት፤ አስገቡት። ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው ጻፉ። አንድም ጊዜ እጃቸው አልተጣደፈም። ባለሙያ አይቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ጥቂት ነው ያየሁት።

የመልእክቶቹን ነገር በራሴ መንገድ ተረድቼዋለሁ። ገበያ ውስጥ አንድ ሰው “ዘራፊ መጣ” ካለ ነጋዴው ሁሉ መዝጊያውን ዘግቶ ከበሩ ጀርባ ይቆማል። ዘራፊ ካለ መልካም ነው። ከሌለ ግን ዘብ የቆመ ሰው አይሸጥም፣ አይገዛም፤ ያ ቀን ባዶውን ያልፋል። የሕፃኑም ማደጊያ ቀን እንዲያ የሚያልፍ መሰለኝ። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። በአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ “የተለመደ ቁጥጥር” ብለሻል። ደንበኛ ሳልጠይቀው “ዕቃው ምንም አልሆነም” ሲለኝ ዕቃውን ገልብጬ ነው የማየው። የደበቅሽኝን ጻፊልኝ።

የሚወድሽ ጋሼ

*

ኅዳር 20

ለተከበርከው ጋሼ፤

ጤናና ሰላም ከቤትህ አይራቅ። ሳሎን ተቀምጠህ እኔን እንደዚህ ስታነበኝ ታየኝና አፈርኩ። የሚደበቅህ ነገር የለም፤ ልንገርህ።

የገበያው ምሳሌህ ጥሩ ነው። አለቃዬ ፕሮፌሰሩ ሲሰሙት ሳቁና ለተማሪዎቻቸው ነገሩ። የሚቀጥለውን ሲሰሙ ግን አልሳቁም።

ከእናንተ ጤና ጣቢያ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሕፃናት ደምና ክብደት አለን። በሌሎቹ አራት ቦታዎች ክብደቶቹን በተርታ ስትደረድራቸው ከትንሹ እስከ ትልቁ ሳይቋረጡ ይያያዛሉ። በእናንተ ግን ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች ስትደርስ ባዶ ቦታ አለ። ከሁለት ኪሎ ከአራት መቶ እስከ ሁለት ተኩል አንድም ሕፃን የለም። ከዚያ በታች እንደገና ይጀምራል። ሁለት ተኩል ደግሞ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም፤ ከእሱ በታች የተወለደ ሕፃን “ዝቅተኛ ክብደት” ተብሎ የሚመዘገብበት መስመር ነው። ፕሮፌሰሩ “መስመር አጠገብ ክፍተት ካየሁ የሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው” አሉ። ለእያንዳንዱ ሕፃን በሚሞላው ቅጽ መጨረሻ ደግሞ “በመጀመሪያው ሳምንት ታሞ ወደ ሆስፒታል የተላከ” የሚል ረድፍ አለ። የእናንተው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። “አዋላጇ ቅጹንም በግዴለሽነት ነው የምትሞላው” አሉ።

ለእኔ የባሰው ሌላ ነው። ማንቂያው መልእክትና ክብደቱ ከሁሉም ቦታ ይልቅ አጥብቀው የተያያዙት በእናንተ ቁጥሮች ውስጥ ነው። ውጤቴ ግማሹ በእነዚህ ላይ ቆሟል። ጥር 28 ስብሰባ አለን። እስከዚያ ማብራሪያ ካልተገኘ የሲስተር መዝገብ በሙሉ ይጣላል፤ ማሽኑና ማቀዝቀዣው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ፤ ለጤና ጣቢያውም “መረጃው አይታመንም” የሚል ደብዳቤ ይጻፋል።

ጋሼ፣ ለሲስተር እባክህ አሁን አትንገር። መዝገቡን በሆነ ዘዴ ማየት ብትችልስ? ቁጥሮቹ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ ተገልብጠው እንደሆነ አንተ አይተህ ትለያለህ። እኔ እዚህ ሆኜ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

አክባሪህ ጥያቄ

*

(ከደብተሬ) ኅዳር 30። የጥያቄ ደብዳቤ ደረሰ። ሁለቴ አነበብኩት። ሚዛን የሚያጭበረብር ሰው አውቃለሁ፤ ቁጥር ሲፈጥር ዜሮና አምስት ይወዳል፤ ከመስመሩ በላይ ነው የሚጽፈው እንጂ ራሱን ከመስመሩ በታች አይጥልም። ይህ ከዚያ ጋር አይገጥምም። ክፍተቱ ግን ክፍተት ነው፤ እኔም ባየው እጠረጥር ነበር። በሰው ጀርባ መዝገብ አላገላብጥም። ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

*

ታኅሣሥ 12

ለልጄ ለጥያቄ፤

የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ የያዝሽውም ይሙላልሽ። ያልሽኝን አላደረግሁም። አስቀድሜ የምነግርሽ ይህን ነው፤ ቀሪውን ከዚያ በኋላ አንብቢው።

ሲስተርን ለምሳ ሲወጡ ጠብቄ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋቸው።

“ሲስተር፣ ባሕር ማዶ ያሉት ሰዎች ቁጥርዎን ተጠራጥረዋል።”

“የትኛውን?”

“ከሁለት ተኩል በታች ያሉትን።”

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። “ሌባ ነው የሚሉኝ ወይስ ሰነፍ?”

“ገና አልወሰኑም።”

“ሲወስኑ ንገረኝ፤ በየትኛው እንደምቆጣ ልወቅ።” ተነሡና “ና” አሉኝ።

እናትየዋን አስፈቅደው አንድ ክፍል አስገቡኝ። ወጣት ሴት ናት፤ አልጋ ላይ ደገፍ ብላ ተቀምጣለች። በደረቷ ላይ ከልብሷ ውስጥ የሕፃን አናት ይታያል፤ ሕፃኗ ጭብጥ የምታህል ኮፍያ አድርጋለች። ቆዳ ለቆዳ አድርገው አስተኝተዋት፣ ከላይ በብርድ ልብስ ጠቅልለዋቸዋል።

“ስንት ትመዝናለች?” አልኩ።

“አልመዘንኳትም።”

“መቼ ተወለደች?”

“ጠዋት ሁለት ሰዓት።”

“አሁን እኮ ሰባት ሰዓት ሆኗል።”

“እኔም ሰዓት አለኝ” አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጄ። ደህና የሆነውን ሕፃን እንደተወለደ ይመዝኑታል። ትንሽ የሆነውን ግን አይመዝኑም። ከእናቱ ደረት ላይ ያኖሩታል፤ ሞቆ፣ ጠብቶ፣ ትንፋሹ እስኪስተካከል አያነሡትም። ይህ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም አንድ ቀን ተኩል ይወስዳል። የሚመዝኑት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ “አንዴ ሚዛን ላይ የቀዘቀዘ ሕፃን አይቻለሁ። ሁለተኛ አላይም።”

ሕፃን ሁሉ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት እንደሚቀንስ ነገሩኝ፤ አንቺ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ሃምሳ ሆኖ የተወለደው ልጅ በማግስቱ ሲመዘን ሁለት ከሦስት መቶ ይሆናል። ቅጽሽ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው። ክፍተትሽ የመጣው ከዚህ ነው፤ እዚያ መሆን የነበረባቸው ልጆች ወርደው ከታች ተቀምጠዋል።

እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፤ በአንድ ማብራሪያ አልጠግብም። “ሳይመዝኑ ከሁለት ተኩል በታች መሆኑን በምን ያውቃሉ?” አልኳቸው።

“በእጄ።”

“ሲስተር፣ እኔ ከሚዛን ጋር ነው ያረጀሁት። እጅ አምስት መቶ ግራም ይስታል።”

“ያንተ እጅ።”

በማግስቱ የሚዛን ድንጋዮቼን በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሕፃን እንደሚያነሡ አድርገው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። “ይሄ ሁለት ተኩል አይሞላም” አሉ። ሁለት ከአራት መቶ አርባ ነበር። ሌላ አዘጋጅቼ ሰጠኋቸው፤ “ይሄ ይሞላል፣ ለትንሽ።” ሁለት ከአምስት መቶ ስድሳ ነበር። ስምንት ጊዜ ሞከርኳቸው፤ ሰባቱን አገኙ። ስምንተኛው ላይ ሲሳሳቱ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና “ድንጋዩን ሁሉ መሐል ከምረኸዋል። ሕፃን የሚከብደው በጭንቅላቱ በኩል ነው። ስትፈትነኝ እንኳ በደንብ አዘጋጅ” ብለው ተቆጡኝ። አስተካክዬ ሰጠኋቸው፤ አገኙት።

ጥያቄ፣ ይህን ልብ በይ። እጃቸው ዝም ብሎ የሚገምት እጅ ቢሆን ኖሮ ክፍተትሽ ይደበዝዝ ነበር፤ ወዲህም ወዲያም የሚያመልጥ ልጅ ይኖር ነበር። ባዶው ቦታ እንዲህ ጥርት ያለው እጃቸው ስለማይስት ነው። አለቃሽ የሌባ እጅ ያዩት መስሏቸዋል። ያዩት የአዋላጅ እጅ ነው።

የታመመ የሚላክበት ረድፍ ባዶ መሆኑም በግዴለሽነት አይደለም። የተላከ ስለሌለ ነው። ለምን እንደሌለ ደግሞ ያቺን ኮፍያ ያደረገች ሕፃን ከእናቷ ደረት ላይ ሞቃ ተኝታ ሳይ ገባኝ።

“ታዲያ እጅዎ የነገርዎትን ለምን አልጻፉም?” አልኳቸው።

“እጅ ያለውን ለራሴ እሠራበታለሁ። ወረቀት ላይ የምጽፈው ሚዛን ያለውን ነው። የመጀመሪያው ክብደቱ ይሄ ነው፤ የሌለኝን ቁጥር ከየት ላምጣ?”

“በስንት ሰዓቱ እንደተመዘነ ቢጽፉስ?”

“ቅጹ አልጠየቀኝም” አሉና መሳቢያቸውን ከፈቱ።

ውስጡ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር አለ። የእያንዳንዱ ትንሽ ሕፃን የተወለደበት ሰዓት፣ የተመዘነበት ሰዓት፣ ሲወጣ ያለው ክብደት፣ በአሥረኛው ቀን ሲመለስ ያለው ክብደት በተርታ ተጽፏል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም መስመር አልተዘለለም። እኔ ደብተር እጽፋለሁ ብዬ የምኮራው ሰውዬ አፈርኩ። ፈቅደውልኝ ያለ ስም አሥራ ሁለት መስመር ገልብጬልሻለሁ፤ ከዚህ ጋር ይደርስሻል።

ቅጽሽ “የልደት ክብደት” ይላል። “ከስንት ሰዓት በኋላ የተመዘነ” አይልም። ቅጹን ማን እንዳዘጋጀው አልጠይቅም።

የሚወድሽ ጋሼ

*

(ከደብተሬ) ጥር 3። መልስ የለም። ሲስተር በሱቄ በኩል ሲያልፉ “ምን አለች?” አሉኝ። “ፖስታ ነው፣ ይዘገያል” አልኳቸው። የማላምንበትን ስናገር ድምፄ ይቀጥናል፤ ሰምተውታል።

ጥር 14። መልስ የለም። አያቷ ግን ስልክ አውርታታለች፤ “ደህና ናት፣ ስለ ጉልበቴ ብቻ ጠየቀችኝ” አለችኝ። ስለዚህ ልጅቷ አልታመመችም። ደብዳቤውም ደርሷታል። ልጅቷ እያሰበች ነው፤ የምታስበው ምን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ። ትንንሾቹ ልጆች ከተወለዱበት ክብደት በታች ተጽፈው ዝምድናውን አግንነውት ነበር፤ ቁጥሮቹ ሲስተካከሉ ውጤቷ ይቀንሳል። ስለ ሰዓቱ የነገርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

*

ጥር 15

ለልጄ ለጥያቄ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። አጭር ደብዳቤ ነው። ስብሰባሽ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ይህ መድረሱንም እንጃ። እኔ ምን እንደምታደርጊ አልነግርሽም፤ ሥራው ያንቺ ነው። ሲስተር ዛሬም ሁለት ሕፃናት አዋልደው ሁለት ቱቦ ልከውልሻል። ይህን ብቻ እንድታውቂ ብዬ ነው።

ጋሼ

*

የካቲት 3

ለተከበርከው ጋሼ፤

ደግ ደጉን ያሰማህ፤ እኔ ያዘገየሁብህን ያህል ማንም አያዘግይብህ። ደብዳቤህ በአሥረኛው ቀን ደርሶኝ ነበር። በፖስታ ቤት አላሳብብም።

ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አንተ ይህን ገብቶህ ነው ያልጠየቅከኝ። ደብዳቤህን ባነበብኩበት ቀን ሲስተር በእጃቸው የለዩዋቸውን ሕፃናት አውጥቼ እንደገና አሰላሁት። በማንቂያው መልእክትና በክብደቱ መካከል ያለው ዝምድና ወደ ግማሽ ወረደ። ለስብሰባው ያዘጋጀሁት ንግግር ያንን ትልቁን ቁጥር ይዞ ነበር። ደብዳቤህን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አምስት ሳምንት እዚያው ተቀመጠ። በየቀኑ ማቀዝቀዣውን እየከፈትኩ የእናንተን ከተማ ቱቦዎች አያለሁ፤ መለያ ቁጥሮቹ በሲስተር እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ እንኳ አልተሰረዘም፣ አልተደለዘም። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ስሙ ሲጠፋ እኔ ያንኑ ንግግር ልናገር ነው? አልኩ።

ጥር 28 ተነሣሁና አንተ የገለበጥክልኝን አሥራ ሁለት መስመር ግድግዳው ላይ አሳየኋቸው። የድንጋዩንም ፈተና ነገርኳቸው። ፕሮፌሰሩ መስመሮቹን አንድ በአንድ አነበቡ።

“ቅጹን ማነው ያዘጋጀው?” አሉ።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“እኔ ደግሞ ፈርሜበታለሁ” አሉ። ከዚያ መስመሮቹን እንደገና አነበቡ። “ስምንት ጊዜ ሞክሮ ሰባት?” አሉኝ። “ስምንተኛውን የሳተው ፈታኙ ነው” ስላቸው ሁሉም ሳቁ።

መዝገቡ አይጣልም። ደብዳቤውም አይጻፍም። ማሽኑ እዚያው ይቀመጣል። በአምስቱም ቦታ ቅጹ ተቀይሯል፤ የተመዘነበት ሰዓት አሁን ይጻፋል። ሕፃናቱን ደግሞ ስለ ክብደት ብሎ ማንም ከእናታቸው ደረት እንዳያነሣ በመመሪያው ላይ ተጨምሯል፤ ይህን የጨመሩት ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ናቸው። ውጤቴ አንሷል፤ ግን አለ። ሲስተር በጻፉት ሰዓት ሳስተካክለው መልእክቱና ክብደቱ አሁንም አብረው ይሄዳሉ። ትልቅ ወሬ አይሆንም። እኔ ግን ይህኛውን ማንም ፊት ሳልፈራ እናገረዋለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። ሲስተርን ይቅርታ ጠይቅልኝ። እንዴት ብለህ እንደምትጠይቅልኝ አላውቅም፤ አንተ ታውቅበታለህ። የደብተሩንም ቀሪ ሰዓቶች ከፈቀዱልን እንፈልጋቸዋለን።

አክባሪህ ጥያቄ

*

የካቲት 22

ለልጄ ለጥያቄ፤

ፈጣሪ ያጸናሽ። የዛሬው ምርቃቴ ይኸው ነው፤ ሌላውን አንቺው ሠርተሽዋል። ደብዳቤሽን ለአያትሽ አነበብኩላት። ስለ መልእክቶቹ አልገባትም፤ “እኔ ነኝ አለች?” ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። “አለች” አልኳት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ለገባ ለወጣው ስታወራው ዋለች።

ሲስተር ዘንድ ሄጄ ያንኑ አነበብኩላቸው። ቆመው ነው የሰሙኝ፤ እጃቸውን ታጥበው እያደረቁ ነበር። የፕሮፌሰሩ ፊርማ ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቅርታው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

“እሱን አቆየው” አሉ።

“አይቀበሉም?”

“ይቅርታ ጠይቁኝ አላልኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ደም ልኬያለሁ። አንድ ቀን ‘ያ ደም እንዲህ አለ’ ብሎ የጻፈልኝ ሰው የለም። ቱቦው ሲሰበር ይጽፉልኛል፤ ደሙ የታሸገበት በረዶ ሲቀልጥ ይጽፉልኛል። የምፈልገው ይቅርታ አይደለም።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

ጥቁሩን ደብተር አወጡ። በአንዳንዶቹ ሕፃናት መስመር ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ አለ። መጀመሪያ ሳይ የእስክሪብቶ ነጥብ መስሎኝ አልጻፍኩልሽም። ክቡን የሚያደርጉት እናትየዋ ድዷ የሚደማ፣ ወይ በእርግዝናዋ ደጋግሞ ትኩሳት የያዛት ስትሆን ነው። ማንም አላዘዛቸውም። “የእነዚህ ልጆች ትንሽነት የተለየ ይመስለኛል። እናታቸው አጭር ስለሆነች ትንሽ የሆነ ልጅ ጸጥ ያለ ነው፤ ይጠባል፣ ይተኛል። እነዚህ ግን ሲወለዱም የደከሙ ናቸው፤ ዘብ ቆመው እንዳደሩ” አሉኝ። የገበያውን ምሳሌ አልነገርኳቸውም ነበር፣ ጥያቄ። ከራሳቸው ነው ያመጡት።

አርባ አንድ ክብ አለ። “የማንቂያው መልእክት የጮኸው በእነዚህ ደም ውስጥ እንደሆነ ትየውና ትንገረኝ። ከሆነ፣ የእናቶቹን ድድ ቀድሜ አሳክማለሁ። ካልሆነም አይደለም ትበለኝ፤ ሌላ እፈልጋለሁ” አሉ። ሰዓቶቹን በሙሉ ገልብጠው ይሰጡሻል። ክቦቹንም ጭምር።

እኔ ለአንቺ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ስለ አያትሽ ጉልበት፣ ስለ እትዬሽ መነጽር። ይህን ግን እኔ በመሐል ሆኜ አላመላልስም። ከሁለታችሁ የሚያንስ ሰው በመሐል ሲቆም ነገር ይጎድላል። አድራሻቸውን ከታች ጽፌልሻለሁ። ስትጽፊላቸው “የተከበሩ ሲስተር” ብለሽ ጀምሪ፤ ሰላምታውን አታብዢው፣ ሥራ አላቸው።

የሚወድሽ ጋሼ

*

(ከደብተሬ) ሚያዝያ 11። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄጄ የዘንጉን ማንሸራተቻ ዘይት ቀባሁት። ፖስተኛው እዚያው አገኘኝ፤ ለሲስተር ወፈር ያለ ፖስታ አመጣ። የጥያቄን ጽሕፈት ከሩቅ አወቅሁት። ሲስተር መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አነበቡት። የቱቦ ቁጥሮች የተደረደሩበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ክቦቹ ያሉበትን ደብተር አውጥተው አጠገቡ ዘረጉ፤ በጣታቸው ከወረቀቱ ወደ ደብተሩ፣ ከደብተሩ ወደ ወረቀቱ ይመላለሳሉ። አንድ ቦታ ላይ ብቻቸውን ሳቁ። ሌላ ቦታ ላይ ቅር ብሏቸው አንድ ክብ ሰረዙ። ዘይቱን ቀብቼ ጨርሼ ነበር፤ ቢሆንም አልሄድኩም።

“ምን ብላ ጻፈችልዎት?” አልኳቸው።

ሲስተር ወረቀቱን አጥፈው በጋዋናቸው ኪስ ከተቱት። “የሥራ ጉዳይ ነው” አሉኝና ወደ ማዋለጃው ክፍል ገቡ።